ጧሪ የሌላቸው

የእጅ ጽሑፌ ያምራል። ልኩራራ ብዬ አይደለም ይህን የምለው፤ ጣጣዬ ሁሉ የጀመረው ከእሱ ስለሆነ ነው። ተወልጄ ባደግሁባት፣ ከእንጅባራ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ በምትርቅ የገጠር ቀበሌ አስተምር ነበር። የጤና መድን የሚባለው ነገር ወደ እኛ በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ ጥር ላይ፣ የቀበሌው ሊቀመንበር ክፍል ድረስ መጥቶ “ያንተ ጽሕፈት ይነበባል፤ የዘንድሮውን ስም ዝርዝር አንተ ያዝልን” አለኝ። ደስ አለኝ። ከዚያ በፊት ቀበሌው እኛን መምህራንን የሚፈልገን የትምህርት ቤት ወንበር ሊዋስ ሲመጣ ብቻ ነበር።

መድኑን ለማያውቅ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ አባወራ በዓመት አንድ ጊዜ ትንሽ መዋጮ ይከፍላል፤ ፎቶው የተለጠፈበት ደብተር ይሰጠዋል፤ ከዚያ በኋላ ዓመቱን ሙሉ እሱም ቤተሰቡም ጤና ጣቢያ በነጻ ይታከማሉ፤ ከጤና ጣቢያው አቅም በላይ ከሆነም በሪፈር ሆስፒታል ድረስ ይሄዳሉ። መዋጮውን መክፈል ለማይችል መንግሥት ይከፍልለታል። ማን እንደማይችል የሚለየው ግን ሜዳ ላይ ነው። የጎጡ ሰው ይሰበሰባል፤ ድሃ የተባለውም ሰው እዚያው ተቀምጦ ይሰማል። ስም ይጠራል። በሬ አለው? ይባላል። የሚያርሰው መሬትስ? ጧሪስ? የሚያውቅ ይመሰክራል፤ ከዚያ እጅ ይወጣል። ቦታው ጥቂት ስለሆነ አንዱ ሲገባ ሌላው ይቀራል። “የደሃ ደሃ” ይሉታል። ይህን ስም ያወጣ ሰው አንድ ቀን እንኳ እዚያ ሜዳ ላይ ተቀምጦ የራሱ ስም ሲጠራ ቢሰማ እወድ ነበር።

አባየ እላቸዋለሁ፤ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። እናትና አባቴ ተከታትለው ሲሞቱ የስድስት ዓመት ልጅ ነበርሁ፤ በጋቢያቸው ጠቅልለው ወደ ቤታቸው ወሰዱኝ። የራሳቸው ልጅ አላደገላቸውም፤ ሚስታቸውም እኔ ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ዐረፉ። ቤት ውስጥ የምንነጋገረው በአገውኛ ነበር። ትምህርት ቤት ሊያስገቡኝ የወሰዱኝ ቀን ግን መንገዱን ሙሉ በዚያ በሚሰባበር አማርኛቸው ብቻ አናገሩኝ፤ “መምህሩ ፊት እንዳታፍር” ብለው። መምህራን ኮሌጅ የገባሁ ጊዜ ሁለቱንም በሬዎቻቸውን ሸጡ። መሬታቸውን ጉልበት ላለው ሰው በእኩል ሰጡ፤ ሰውየው ደግሞ በዚያ ሰሞን ሁሉም እንደሚያደርገው ገብሱን ትቶ ለከሰል የሚሆነውን ዛፍ፣ ዲከረንሱን ተከለበት። ዲከረንስ እስኪደርስ አራት አምስት ዓመት ይፈጃል። አራት ዓመት ሙሉ ዛፍ ሲያድግ እያዩ ምን እንደሚበሉ የጠየቃቸው ሰው የለም፤ እኔንም ጨምሮ። የቀራቸው የጓሮ ድንችና አንድ ያረጀ ቀይ ፈረስ ነበር። ፈረሱን ሽጠው ይብሉ ያላቸውን ሰው ዓመት ሙሉ አኮረፉት። በእኛ አገር አንድ ሽማግሌ ለቅሶ ላይ በፈረስ ካልደረሰ ሰው እንደ ሙሉ ሰው አያየውም።

በስብሰባው ቀን ከትምህርት ቤት ጠረጴዛ አስወጥቼ፣ ማስመሪያና ሁለት እስክሪብቶ ይዤ ተሰየምሁ። አባየ ታጥቦ የነጣ ጋቢያቸውን ለብሰው ከፊት ተቀምጠዋል። ተራቸው ደርሶ ስማቸው ተጠራ። አንዲት ባልቴት “ምን ይጠየቃል፤ በሬ የላቸው፣ መሬታቸው በሰው እጅ። ይጻፉ እንጂ!” አሉ። ብዙ ሰው ራሱን ነቀነቀ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ሰው፣ ክፋት የሌለው ሰው ነው፣ “መምህሩስ? ደመወዝ የሚበላ ልጅ አላቸው አይዶለም እንዴ?” አለ።

ሜዳው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ወረቀቱ ላይ አቀረቀርሁ።

አባየ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሡ። ፊታቸው ዛሬም አይጠፋኝም፤ ሰርግ ላይ እንዲመርቁ የተነሡ ነበር የሚመስሉት። “እውነቱን ነው” አሉ። “ልጅ አለኝ። መምህር ነው፤ ይኸው ተቀምጧል። እኔ ድኻ አይዶለሁም። በል ሰርዘኝ ልጀ። ቦታዬን ለዚች አጠገቤ ላለች ለልጆች እናት ስጧት።”

ሰው “ተባረኩ” አላቸው። አንዷ እልል አለች። የዚያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ አባየ ያን ጋቢ ያሳጠቡት በመላው ጎጥ ፊት ልጅ አለኝ ለማለት ነበር። ይህን ቀን ሲጠብቁት ከርመዋል። ማስመሪያውን አጋድሜ ስማቸውን በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ሰረዝሁት።

ስብሰባው ሲያልቅ እጃቸውን ይዤ “መዋጮውን እኔ እከፍላለሁ፤ እርስዎ ምንም አያስቡ” አልኋቸው።

“ምን አስባለሁ” አሉኝ፤ “አንተ እያለህ።”

ያልከፈልሁት ገንዘብ አጥቼ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር። በዚያው ወር እኔና ባለቤቴ እንጅባራ ላለው ቤታችን ብፌ ገዝተናል፤ ያውም ከዳንግላ በአይሱዙ አስጭነን፤ ባለ መስታወት፣ ባለ ስድስት በር። የአባየ መዋጮ የአንዱን በር መስታወት አይገዛም። እኔ በቀላሉ ረሳኋቸው። ሌላ ስም ላወጣለት ብዙ ሞክሬአለሁ፤ ሥራ በዛብኝ፣ ልጅ ታመመብኝ እያልሁ። መርሳት ነው።

ቀበሌውን በሙሉ የመዘገብሁት እኔ ነኝ። ጥርንና የካቲትን ከክፍል ስወጣ ሰው በር ላይ ተሰልፎ ይጠብቀኛል። ደረሰኝ እቆርጣለሁ፤ ፎቶ ሳይዝ የመጣውን እየተቆጣሁ እመልሳለሁ። የአባየን ነገር ያጓተተብኝም ፎቶው ነው፤ ለመነሣት እንጅባራ መምጣት ነበረባቸው። በዚህ ቅዳሜ እላለሁ፤ ቅዳሜ ብፌው ይመጣል። በሚቀጥለው እላለሁ፤ የባለቤቴ ወንድም ጥሊሊ ላይ ይሞሸራል። ባለቤቴ ሁለት ጊዜ “አባየን አስመዘገብሃቸው?” ብላ ጠይቃኛለች። “ዝርዝሩ እኔ እጅ ነው ያለው፤ ምን ያስቸኩለኛል?” አልኋት። እንዲህ አድርጎ የሚመልስ ሰው በጥፊ ቢመታ አይበዛበትም።

የካቲት ሊያልቅ ሲል ከወረዳ ሰው መጣ። ዝርዝሩን አስረከብሁት፤ ንጹሕ ሥራ ነው ብሎ አመሰገነኝ። በሦስተኛው ቀን ምሳ ልበላ እጄን ስታጠብ አባየ ትዝ አሉኝ። እጄን ሳላደርቅ ባጃጅ ይዤ ወረዳ በረርሁ። ያ ያመሰገነኝ ሰው መዝገቡ ተዘግቶ መላኩን፣ ከእንግዲህ ያለው የሚቀጥለው ዓመት ጥር መሆኑን ነገረኝ። ለመንሁት። ለምኜው ስጨርስ ደግሜ ለመንሁት። እሱም ከእኔ ይልቅ አፈረ መሰለኝ፤ ወረቀቶቹን ማደራጀት ጀመረ።

ለአባየ አልነገርኋቸውም። “ደብተሩ አልወጣም ወይ?” ሲሉኝ “እየታተመ ነው” አልኋቸው። “ፎቶስ?” ሲሉኝ “በኋላ ይለጠፋል” አልሁ። ጤነኛ ናቸው፤ አንድ ዓመት ምን አላት፣ ታልፋለች ብዬ ራሴን አታለልሁ። እንጅባራ ላይ ሰው በሽታ ሳይነካው አንድ ክረምት የሚያልፍ ይመስል!

ሐምሌ ላይ ሽንት ያስቸግራቸው ጀመር። እንዲህ ያለውን ነገር እንኳን ለእኔ ለነፍስ አባታቸውም አይናገሩትም። ሲብስባቸው፣ በዚያ ጭጋግና ዝናብ፣ ፈረሳቸውን ጭነው ብቻቸውን ጤና ጣቢያ ሄዱ። ይህን የሰማሁት ከሳምንት በኋላ ነው፤ የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ የዚያ ቀበሌ መዝጋቢ መሆኔን ታውቃለችና ገበያ ላይ አግኝታ “አንድ ሽማግሌ ዘለሃል” አለችኝ። መድን አለኝ ብለዋታል። መዝገቡን ብታይ የሉም። “ልጀ አስመዝግቦኛል፤ ደኅና አድርገሽ እይው” አሏት። ደግማ አየች። በስሕተት ሌላ ጎጥ ውስጥ ገብተው እንደሆነ ብላ የቀበሌውን ስም ሁሉ ገለጠች። አሁንም እንድታይላቸው ለመኗት፤ ሦስተኛም አየችላቸው። ከፍለው ይታከሙ ብትላቸው “ልጀ ከፍሏል” ብለው እንቢ አሉ። “እንግዲያ የማተሚያው ስሕተት ይሆናል፤ እሱ አይረሳኝም” ብለዋት ሳይታከሙ በዝናቡ ተመለሱ።

ልጅቷ ይህን ስትነግረኝ በሽማግሌው የዋህነት ፈገግ እያለች ነበር። ልጃቸው እኔ መሆኔን አታውቅም።

ከገበያው በቀጥታ እሳቸው ዘንድ ሄድሁ። አልጋ ላይ ነበሩ። መሬት ተቀምጬ ሁሉንም ተናዘዝሁ፤ ወረዳውን፣ “እየታተመ ነው” ያልሁትን፣ ብፌውን ሳይቀር። ስጨርስ “ይሁን። ሥራ በዝቶብህ ነው” አሉኝ። ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር። አልረገሙኝም፤ ዞር ብለው ወደ ግድግዳው ተኙ።

የግል ክሊኒክ ወሰድኋቸው። ሽንታቸው በቱቦ እንዲወርድ ተደረገ፤ ከቱቦው ጫፍ የፕላስቲክ ከረጢት ተንጠለጠለ። የዕጢ እብጠት ነው፣ ባሕር ዳር ሄደው ኦፕራሲዮን ይደረጉ ተባለ። ዋጋውን ስሰማ ብፌውን ልሸጥ ወጣሁ፤ በግማሽ ዋጋ እንኳ የሚገዛኝ አጣሁ። መምህራን ጓደኞቼ አዋጡልኝ። አባየ ደግሞ ሳይነግሩኝ ፈረሱን እንጅባራ ገበያ አውጥተው ሸጡ፤ ከጫግኒ የመጣ ሰው ለጋሪ ገዛው። ያ ሁሉ ተጠራቅሞ ለአልትራሳውንድ፣ ለመድኃኒት፣ በየጊዜው ቱቦ ለማስቀየር አለቀ። ኦፕራሲዮኑ ጥር ይድረስና በመድኑ ይሆናል ተባባልን። አባየ ስድስት ወር ከረጢታቸውን በጋቢያቸው ሥር ይዘው ኖሩ። እሸታለሁ ብለው ቤተ ክርስቲያን መግባት ተዉ፤ ከቅጥሩ ውጪ ከቀርከሃው ሥር ቆመው ያስቀድሱ ነበር። ለቅሶ መድረስም ቀረ። ቤታቸው ስሄድ እንደ ዱሮው ያጫውቱኛል፤ ስለ ድንቹ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ልጄ። ስለ ሕመማቸው ስጠይቃቸው ግን “ደኅና ነኝ፤ አንተ ሥራህን ሥራ” ይሉኛል።

ጥር ገባ። በስብሰባው ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ሄጄ የመዋጮውን ብር ከደረት ኪሴ አውጥቼ አሳየኋቸው። ፎቶም አስነሥቻቸው ነበር፤ እሱንም አሳየኋቸው። “ነገ ስብሰባው እንዳለቀ የመጀመሪያው ደረሰኝ የእርስዎ ነው” አልሁ። “እሺ ልጀ” አሉኝ። ብሩን ቀና ብለው አላዩትም።

በማግሥቱ ያው ሜዳ፣ ያው ጠረጴዛ። ስማቸውን ማንም አልጠቆመም፤ ልጅ እንዳላቸው ሁሉም ያውቃል። ስም እየተጠራ፣ እጅ እየወጣ ሄዶ አንድ ቦታ ሲቀር አባየ ሳይጠሩ ተነሡ። በአንድ እጃቸው ምርኩዙን ይዘዋል፤ ሌላው እጃቸው በጋቢው ሥር ከረጢቱን ደግፏል።

“እኔንም ጻፉኝ” አሉ። “በሬ የለኝም። ፈረሴንም ሽጫለሁ። ጧሪም የለኝም።”

ያ አምና “መምህሩስ?” ያለው ሰው አንገቱን ደፍቶ በእንጨት መሬት ይጭራል። ሊቀመንበሩ እኔን አየ፤ እሳቸውን አየ።

“ምነው አባ? ልጅ አለኝ ብለው አልነበረም እንዴ?”

“አምና ነበር” አሉ።

ወደ እኔ አልዞሩም። ብሩ ደረት ኪሴ ውስጥ ነው። ተነሥቼ “አለሁ፤ እኔ እከፍላለሁ” ማለት እችል ነበር። ያልተነሣሁት ሽማግሌውን በሰው ፊት ውሸታም እንዳላደርጋቸው ብዬ ነው እያልሁ ራሴን ለብዙ ጊዜ አጽናንቻለሁ። እውነቱን ግን እዚያው ተቀምጬ ዐውቄዋለሁ፤ ቢያምኑኝ ኖሮ አይነሡም ነበር። ሁለተኛ በእኔ እጅ መውደቅ ፈሩ። ወይም ደግሞ፣ አንዳንድ ቀን እንዲህም አስባለሁ፣ ከጫንቃዬ ሊወርዱልኝ ፈልገው ይሆናል። የትኛው እንደሆነ በሕይወት ሳሉ ልጠይቃቸው እችል ነበር፤ መልሱን ፈራሁት። ሊቀመንበሩ እጅ አስወጣ፤ ሁሉም አወጣ። ቅጹ ላይ “ጧሪ” የሚል ዓምድ አለ። “የላቸውም” ብዬ ጻፍሁ።

ደብተሩ መጋቢት ላይ ደረሰ። ከጤና ጣቢያው ሪፈር አስጽፈን በሚኒባስ ባሕር ዳር ገባን። ሆስፒታሉ ውስጥ የምትመዘግበው ሴት ደብተሩን አገላብጣ አየች። የደሃ ደሃ መሆናቸው፣ ጧሪ እንደሌላቸው እዚያው ተጽፏል። “እርስዎ ምናቸው ነዎት?” አለችኝ። አፌን ከፈትሁ። ልጃቸው ነኝ ብል ደብተሩን የሚነጥቁን መሰለኝ። ይነጥቁን እንደሆነና እንዳልሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። አባየ ከተጋደሙበት ተሽከርካሪ አልጋ ላይ ቀደሙኝ።

“ጎረቤቴ ነው” አሉ።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ትሑት ነው። ውጤቱን አይቶ ወደ ኮሪደር ጠራኝ። ዕጢው ችግር አልነበረውም፣ ይወጣ ነበር፣ ኩላሊታቸው ግን ተጎድቷል፣ ኦፕራሲዮኑን አይችሉትም አለኝ። “አምና ክረምት ሲጀምራቸው ብትመጡ ጥሩ ነበር። ምን አቆያችሁ?” “ራቅ ያለ ገጠር ነው” አልሁት። እንጅባራ አስፋልት ዳር መሆኗን የማያውቅ አይመስለኝም፤ ግን አልተከራከረኝም።

ዐሥራ አንድ ቀን ተኙ። አጥባቸዋለሁ፣ አገላብጣቸዋለሁ፣ አጥሚት በማንኪያ አጠጣቸዋለሁ። በዚያ ክፍል ስሜ ጠፋ፤ ጎረቤት ሆንሁ። “ጎረቤት፣ ይህን መድኃኒት አምጣላቸው።” “ጎረቤት፣ አንሶላ ለውጥ።” የሌሎቹ አስታማሚዎች ይመርቁኛል፤ ምሳቸውን ያካፍሉኛል። አንዲት ነርስ ነበረች፤ ደግ ሴት ናት፤ በመጣች ቁጥር ለተረኛው ሁሉ እኔን ታሳየዋለች። “እዩት እስኪ! የወለዱት ልጆች እንኳ ጥለው በሚጠፉበት ዘመን እንዲህ ያለ ጎረቤት ከየት ይገኛል?” ትላለች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር። አባየ ዐይናቸውን እንደጨፈኑ “ደግ ሰው ነው” ይሏታል።

ሁለታችን ስንቀር በአገውኛ ያናግሩኛል። አንድ ቀን ስለዚያ ስብሰባ፣ ስለ አምናው፣ ስለ ሁሉም ልጀምር ስል እጃቸውን አነሡ። “ተው፣ ይሰማሉ” አሉኝ። በዚያ ክፍል ውስጥ ከሁለታችን በቀር አገውኛ የሚሰማ ሰው አልነበረም።

በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ጠዋት ውኃ ልቀዳ ወጥቼ ስመለስ መጋረጃው ተጋርዷል። ያቺ ነርስ ትከሻዬን ይዛ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ አስቀመጠችኝ። አስከሬኑን ለመውሰድ የሚሞላ ወረቀት ነበር፤ እኔን እንዳያደክመኝ ብላ ራሷ ከካርዳቸው ላይ እያየች ሞልታዋለች። ስም፣ ዕድሜ፣ አድራሻ። “የተረካቢው ዝምድና” በሚለው ላይ “ጎረቤት” ብላለች።

ከእንግዲህ ደብተሩን ማን ይነጥቀኛል። ማንን እፈራለሁ።

“ልጃቸው ነኝ” አልኋት።

ዐይኖቿ እንባ ሞሉ። “አዎ” አለችኝ፤ “ከልጅም በላይ ነህ።” እስክሪብቶውን እጄ ላይ አድርጋ የምፈርምበትን ቦታ በጣቷ አሳየችኝ።